የራንስ ቦሊክ የመጨረሻ ቃል

ማክሰኞ ጠዋት ሚስ ቨርና ቦሊክን በራፉ ላይ ቆመው ሲያያቸው፣ ኦዴል ቲግ ለሟቹ ባላቸው ለራንስ የቅዳሜ መታሰቢያ ስንት ሳህን የድንች ሰላጣ እንደሚበቃ ሊያማክሩት የመጡ መስሎት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመታሰቢያው በፊት ያለችው ማክሰኞ የምታልፈው በድንች ሰላጣ ክርክር ነው። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጡም። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ አፉ አዞሩ።

«ጮክ ብለህ አውራኝ። ግራው ከሞተ ቆየ፤ ቀኙም እስከ ገና በዓል አይቆይም ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ምነው ሚስ ቨርና! መድኃኒት የለውም እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ከሞተር አጠገብ ቆሜ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ካንተ ጋር የካልሲ ማሽን ሲጮህብኝ ኖሬ! ምኑ ተርፎ ይታከማል? እሱን ተወው። አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት። ካሴቷን አሰማኝ።»

ኦዴል የትኛዋን ብሎ አልጠየቀም። የበሩን መቃን ያዘ።

«እስካሁን ያልጠየቅሁህ አቅም አጥቼ ነው፤» አሉ ሚስ ቨርና። «ድምፁን ብሰማ የምሞት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ይኼ ጆሮ ከመዘጋቱ በፊት አንዴ ልስማው። ‹ዛሬ በጊዜ እገባለሁ› ሲል ልስማውና፣ ከዚያ በኋላ ዓለሙ በሙሉ ዝም ቢል ግድ የለኝም። ሐሙስ ና። ባቄላ ቀቅዬ እጠብቅሃለሁ።»

ሄዱ። ኦዴል በሩን ዘግቶ እዚያው ጫማ ማውለቂያው ላይ ቁጭ አለ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ራንስ ቦሊክ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ኦዴል በዚያች የወንዝ ዳር ከተማ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ የካልሲ ማሽን በመጠገንና ራንስ ቦሊክን በመውደድ። የካልሲ ፋብሪካው ሲዘጋ የመጀመሪያው አብሮ ተዘጋ። ሁለተኛው ግን ደሞዝ ባይኖረውም ማዕረግ ሆኖ ቀረ። የደጋፊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነው። የራንስ መኪና ቁጥር፣ ስልሳ አራት፣ የተጻፈበትን ኮፍያ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አያወልቅም። ሚስቱ ጥላው የሄደችውም «ከእኔና ከዚያ ሰውዬ አንዳችንን ምረጥ» ብትለው ሲያስብ ስለቆየባት ነው ይባላል፤ እሱም አላስተባበለም።

ራንስስ ቢወደድ ምን ይገርማል? የዚያው ቀዬ ልጅ ነው፤ አባቱም የወንበር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቀይ አፈር ላይ ከወዳደቀ ብረት በተገጣጠመ መኪና ጀምሮ፣ አገር በሙሉ የሚያውቀው የመኪና ውድድር ሾፌር ሆነ። ባሸነፈ ቁጥር የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረችው። የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ርካሹ ትሪቡን፣ ፀሐይ ወደሚያነደው ወገን፣ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል። ጥላ ሥር ወደተቀመጡት አይዞርም። ኦዴል ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ የተቀቀለው ለዚያች እጅ መንሻ ነው።

ሾፌሮች እየነዱ ከቡድናቸው ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ሕዝቡም ያንን ንግግር የምትጠልፍ ትንሽ ሬዲዮ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ይቀመጣል፤ ያለ ማዳመጫ የሄደ ሰው ጩኸት ሰማ እንጂ ውድድር አየ አይባልም። ኦዴል ደግሞ ከሬዲዮዋ ጋር የካሴት መቅረጫ አያይዞ፣ ራንስ በእነዚያ ዓመታት የተናገረውን ሁሉ ቀርጿል። ካሴቶቹ ቀን ተጽፎባቸው፣ በካልሲ ካርቶን ውስጥ ተደርድረው አሉ። ራንስ ሲቀልድ፣ ሲራገም፣ ለራት ምን እንደተሠራ ሲጠይቅ ይሰማል።

የራንስ ባላንጣ ጌዘር ስትራውድ ይባል ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ከተራራው ማዶ የመጣ፣ አፉ የማይታረም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጌዘር ከሌላው ሾፌር የከፋ ምንም አላደረገም። ግን ሕዝብ አንድ የሚወደው ካለው አንድ የሚያጓራበት ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ውድድሩ ጨው የለውም። የጌዘር ስም በድምፅ ማጉያ በተጠራ ቁጥር ትሪቡኑ በሙሉ ብድግ ብሎ «ቡ-ኡ-ኡ!» ይላል። አስጀማሪውም ኦዴል ነበር፤ ጉሮሮው ሰፊ ነው። ለዚያች ማጓራት ብለው ብቻ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ያገር ጨዋታ ስለሆነ ማንም ንስሐ አልገባበትም።

ኦዴል ደግሞ ለራሱ ብቻ የያዛት አመል ነበረችው። ራንስ እየመራ ሁለት ሦስት ዙር ሲቀር፣ የሬዲዮዋን ቁልፍ ወደ ጌዘር መስመር ያዞራል፤ ተሸናፊው ሲሳደብና ሲንጨረጨር ለመስማት። ከድሉ ይልቅ ያቺ ስድብ ትጣፍጠው ነበር።

ያን የጥቅምት እሑድም እንደዚያው አደረገ። ሁለት ዙር ቀርቷል፤ ራንስ ይመራል፤ ጌዘር ከኋላው ተለጥፏል። ኦዴል እየሳቀ ቁልፏን አዞረ። የጠበቀው ስድብ አልመጣም። በምትኩ የሰማውን እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም። ወዲያው ሦስተኛው ኩርባ ላይ የጌዘር መኪና አፍንጫ የራንስን ፓራውልት ነካ፤ ስልሳ አራት ቁጥር ወደ ላይ ወጥቶ ግንቡን መታና ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ቆመ። ብዙም የከፋ አይመስልም ነበር። ሰው ሁሉ ራንስ በመስኮቱ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። ራንስ አልወጣም።

በቀብሩ ዕለት ሚስ ቨርና ኦዴልን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጥግ ይዘው ጠየቁት። ያን እሑድ ጠዋት ከባላቸው ጋር ተጣልተው ነበር። ጠቡ የሠላሳ ዓመቱ ጠብ ነው፤ ራንስ አምሽቶ የመግባቱ ነገር። «በጊዜ ገብተህ አታውቅም፤ ዛሬ ጨርሶ ባትገባስ ምን ቸገረኝ!» ብለውት ነው የወጣው። የቡድኑ አለቃ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሬዲዮው ውስጥ ከጩኸት በቀር ምንም አልሰማሁም አላቸው። «ያንተዋ ሬዲዮ ግን አታመልጠውም፤» አሉት ኦዴልን። «ምን አለ? የሆነ ነገርማ ብሏል።» ፊታቸው አመድ መስሎ፣ በእጃቸው የያዙት የወረቀት ሳህን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦዴል ሳያስበው አፉ ቀደመው፤ «‹ለቨርና ንገሯት፣ ዛሬ በጊዜ እገባለሁ› ነበር ያለው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ ኮፍያ ላይ ታተመ። ዓመቱ ሲሞላ በራንስ መቃብር ድንጋይ ላይ፣ ከስሙ ሥር፣ በትልልቅ ፊደል ተቀረጸ።

ጌዘር ስትራውድ ላይ ደግሞ አገር ተነሣበት፤ ሆን ብሎ ገፍቶ ገደለው ተባለ። ቴሌቪዥኑ ያሳየው ከኋላ የታየውን ብቻ ነው፤ አፍንጫው ፓራውልቱን ሲነካ። የጌዘር ቡድን ልጆች «በሬዲዮ እንዲህ ሲል ሰምተነዋል» ብለው ቢምሉም ማን ሰምቷቸው፤ ለጌታቸው ነው የሚዋሹት ተባሉ። ሚስ ቨርና የባላቸው ገላ በቢላ እንዳይነካ ስለከለከሉ ሐኪምም የሚመሰክረው አልነበረም። ደጃፉ ላይ የሞተ ውሻ ጣሉለት። ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ የነፍሰ ገዳይ ልጅ አሏት። በሁለተኛው ዓመት መንዳቱን ተወና ተራራው ሥር ጎማ ሲቀይር ኖረ፤ ያውም የሚያስቀይር ሲገኝ። ባለፈው መጋቢት ሞተ። ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር ይባላል። ኦዴል በዚያች ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ነድቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።

ይኼን ሁሉ ዓመት የጌዘርን ንጽሕና የምትመሰክር ካሴት ኦዴል ቤት ካልሲ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣለች። ቢያወጣት «ታዲያ አንተ የራንስን ቃል በየት በኩል ሰማኸው?» ይባላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም አለ። በየዓመቱ ዘንድሮስ እናገራለሁ ይላል፤ መቃብሩ ዘንድ ሄዶ ድንጋዩን ሲያይ አፉ ይታሰራል። ፈሪ ነበር። ሌላ ስም የለውም፤ ራሱም የሰጠው ይኼንኑ ስም ነው።

ረቡዕ ዕለት ሆይት መጣ። ሆይት የድሮ የፋብሪካ ባልደረባው ነው፤ አሁን መታሰቢያው በሚደረግበት በአሮጌው የአፈር ውድድር ሜዳ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፈው እሱ ነው። ገብቶ ሲያይ ካሴቷ ጠረጴዛ ላይ፣ አጠገቧም ክብሪት ተቀምጧል።

«በዚህ ዕድሜህ ማጨስ ጀመርክ?» አለው ክብሪቱን በአገጩ እያሳየ።

«ምድጃው እምቢ ብሎኝ ነው።»

«ምድጃህ በኤሌክትሪክ አይደል እንዴ፣ አንተ ቀጣፊ?» ሆይት ሳቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስማ፣ ሚስ ቨርና ነግረውኛል። ካሴቷን ልታሰማቸው ነው አሉ። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰለህ? ቅዳሜ በትልቁ ድምፅ ማጉያ እንልቀቃት! ዘጠኝ ዓመት እንደ ጥሎሽ ወርቅ ደብቀሃት፤ በቃህ።»

«የግል ነገር ነው፣ ሆይት።»

«የምን የግል ነው! ኮፍያዬ ላይ ተጽፏል እኮ!»

ሆይት ትንሽ አየት አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሞሃል እንዴ?» አለው።

«አላመመኝም።»

«እንግዲያው ፊትህን አስተካክል። በሬሳ ሳጥን ውስጥ ያለ ሰው እንኳ ካንተ ይሻላል።»

ሆይት ከሄደ በኋላ ኦዴል ክብሪቱን ጫረ። አንዱ ነዶ ጣቱን ሲለበልበው ጣለው። ሁለተኛውንም ጫረ። ግን በዚያችው ካሴት በፊተኛው ገጽ ራንስ አለ፤ እየሳቀ አለ፤ በሕይወቱ የመጨረሻዋን ከሰዓት ሲቀልድባት አለ። እሷን ማቃጠል አልሆነለትም። የጌዘር ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቃጥለው ነበር፤ ይኼንንም ስለራሱ ያውቃል።

ሐሙስ የካሴት ማጫወቻውን ይዞ ሄደ። ሚስ ቨርና የበቆሎ ዳቦ ጋግረው፣ ባቄላውን በሳህን አቅርበው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ጠበቁት። እንግዳ የሚቀበሉ ነበር የሚመስሉት።

«ከመስማትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ሚስ ቨርና።»

«ምንም እንዳትነግረኝ። የቀረችኝን ጆሮ ባንተ ወሬ አልጨርሳትም። ክፈተው።»

ከፈተው። ራንስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተናገረ፤ «ልጆች፣ ዛሬ ራት ምንድን ነው? ባቄላ ከሆነ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው!» ሚስ ቨርና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሳቁ፤ ከሳቁ ውስጥም ልቅሶ ወጣ። ጆሯቸውን ማጫወቻው ላይ ለጥፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እየነቀነቁ አዳመጡት። ኦዴል ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ያቺን ደስታቸውን ማየት አቃተው። ካሴቱን ገለበጠው። ትንሽ ሄደና ቀጭ አለ፤ ቁልፏ የዞረችባት ድምፅ ናት።

«ልጆች! ልጆች፣ ራንስ ልክ አይደለም!» አለ ሌላ ሰው።

የሚስ ቨርና ፊት ተቋጠረ። «ማነው ይኼ?»

«ጌዘር ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዝም ብለው ይስሙት፣ ሚስ ቨርና። ስለ እግዚአብሔር።»

«አንገቱ ወድቋል፤ መሪውን ለቆታል!» እያለ ይጮሃል ጌዘር። «ለዳኞቹ ንገሩ፣ ውድድሩን ያስቁሙ! አላልፈውም፤ ከኋላ ደግፌ ልያዘው ነው፤ ግንቡ ላይ ሊወጣ ነው… ቀስ፣ ቀስ አንተ ሽማግሌ፣ ያዝኩህ… ራንስ! ንቃ አንተ ሰው! ያዝኩህ፣ ያዝ…» ከዚያ የብረት ጩኸት። ከዚያ ደግሞ ጌዘር ብቻ፣ ልጅ እንደሞተበት ሰው፤ «ሰው ላኩ! እባካችሁ ሰው ላኩ! አመለጠኝ!»

ካሴቱ አለቀ። ሚስ ቨርና ጆሯቸውን ከማጫወቻው ላይ አላነሡም። «ድገመው፤» አሉ። ደገመው። «ድምፁን ከፍ አድርገህ ድገመው።» ሦስተኛ አሰማቸው።

«የራንስስ?» አሉ በመጨረሻ።

«የለም። ቁልፉን አዙሬዋለሁ። ጌዘር ሲሳደብ ልስማ ብዬ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚሉት ሆነብኝ፣ ሚስ ቨርና።»

«‹በጊዜ እገባለሁ› ያለውስ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲሄድ ኦዴል ይሰማዋል፤ እሳቸው አይሰሙትም። ቢመቱት፣ ቢረግሙት፣ ባቄላውን ፊቱ ላይ ቢደፉት ደስ ባለው። ሚስ ቨርና የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያጠፉ እየዘረጉ ቆዩ።

«በየማታው ከጸሎቴ በኋላ እላታለሁ፤» አሉ። «‹በጊዜ እገባለሁ› ብሎኛል እላለሁ፤ ይቅር ብሎኛል እላለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለካ ያንተን ቃል ታቅፌ ነው የማድረው! ያንተን፣ የካልሲ ጠጋኙን!»

«አሳዝነውኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።» ወደ በረንዳው ጠቆሙ። «ጌዘር ሦስት ጊዜ እዚያ ቆሟል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ሁለቱን አልከፈትኩለትም። በሦስተኛው በአትክልት ማጠጫው ውሃ ለቀቅሁበት፣ እንደ ውሻ። ቆሞ ጠበቀኝ፤ እስኪበቃኝ ድረስ። ከዚያ ‹ደግ አደረግሽ እመቤቴ፤ አመለጠኝ እኮ› ብሎኝ ሄደ። መግደሉን ያመነ መስሎኝ ለአገር ሁሉ አወራሁት።»

ኦዴል እጃቸውን ሊይዝ ሲል ነጠቁት።

«ቅዳሜ ታሰማቸዋለህ። ሁሉም ይስሙት። የጀመርከው አንተ ነህ፤ የምትጨርሰውም አንተ ነህ። የዚያን ሰው ስም ሳላጥብ ይኼ ጆሮ እንዲዘጋ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ባቄላህን ብላ። ቀዘቀዘ።»

በላ። እምቢ የሚልበት ፊት አልነበረውም፤ እሳቸው እያዩት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌው ሜዳ ሞልቶ ነበር። ራንስ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት የራንስን ኮፍያ አድርገው ይሯሯጣሉ። የአሳማ ጥብስ ጭስና ቀይ አቧራ ተደባልቋል። ሚስ ቨርና ከፊተኛው ተርታ፣ ከትሪቡኑ ሁሉ በታች፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

በየዓመቱ ስልሳ አራተኛው ዙር ላይ መኪኖቹ ይቆማሉ፤ ሞተር ይጠፋል። ሰው ሁሉ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ወደ ሰማይ ያነሳል፤ አንድ ደቂቃም ማንም አይተነፍስም። ራንስን የሚያስቡት እንደዚህ ነው፤ የሚሰማ ድምፅ የለም ለማለት። ዘንድሮም አነሡ። ኦዴልም አነሣ።

«አሁን ደግሞ፣» አለ ሆይት በማይኩ፣ ድምፁ ሻክሮ፣ «ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነውን ኦዴል ቲግ ያሰማናል።»

ኦዴል ከትሪቡኑ ፊት ለፊት፣ አፈሩ ላይ ቆመ። ንግግሩን ሌሊቱን ሙሉ በወረቀት ጽፎታል፤ ውሸቱንም፣ ቁልፏንም፣ ጌዘርንም፣ ሁሉን። ወረቀቱን ዘረጋ። እነዚያን ሁሉ ፊቶች አየ፤ የሚወዱትን ፊቶች፤ አንዳንዶቹ ካሁኑ ዐይናቸውን እየጠረጉ ነው።  ካሴቷ ከእኔ አብልጣ ትናገራለች ብሎ አሰበ። «ስሙልኝ» ብቻ አለና ማይኩን ደቅኖ ማጫወቻውን ከፈተው። የዚያን ቀን ስሕተቱ ይኼ ነው፤ ፍርሃቱ እንደገና ቀደመው።

«ልጆች! ልጆች፣ ራንስ…»

ያን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ሕዝቡ አንዴ ደነገጠ፣ ክው አለ። ከዚያ ከላይኛው ተርታ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «ቡ-ኡ-ኡ!» አለ።

ትሪቡኑ በሙሉ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት አላጓሩም ነበር፤ ናፍቋቸዋል። በደስታ አጓሩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው፣ እግራቸውን ሳንቃው ላይ እየደበደቡ አጓሩ። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ትከሻ ላይ አውጥተው እንዴት እንደሚጓራ አሳዩአቸው። ቀይ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሳቁ ብዛት እንባው ይወርዳል። ጌዘር ከዚያ ሁሉ ሥር «ያዝኩህ፣ ያዝኩህ» ይላል፤ የሚሰማው ኦዴል ብቻ ነው።

«ዝም በሉ!» አለ በማይኩ። «ስሙት! ሊያድነው ነበር! እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ድምፅ ማጉያው አሮጌ ነው፤ ጩኸቱን ሁሉ ደባልቆ አንድ ጉርምርምታ አደረገው። ሳቃቸው ባሰ። ካሴቱን መልሶ እንደገና ለቀቀው። አሁንማ ተዘጋጅተው ጠብቀውታል፤ የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ አላስጨረሱትም።

ይኼን ማጓራት ያስተማራቸው ማነው? ኦዴል ያንን ሲያስብ እጁ ላላ። ሆይት ከማማው ወርዶ ሮጦ መጣና ጀርባውን መታው። «አንተ ቀጣፊ ሽማግሌ! የራንስን ቃል ስንጠብቅ ጌዘርን ታመጣብናለህ? ገደልከን እኮ!» እየሳቀ ማይኩን ከእጁ ወሰደ። «ኦዴል ቲግን እናመስግን፣ ወገኖቼ! ልክ እንደ ድሮው አደረገን! ኧረ ሾፌሮች፣ ሞተር አስነሡ!»

«ሆይት፣ ሆይት ስማኝ…» አለ ኦዴል። ሃያ ሞተር አንድ ላይ ተነሣ፤ ሆይትም ጆሮውን እያሳየ፣ አልሰማህም እያለ፣ ወደ ማማው ተመለሰ።

ኦዴል ማጫወቻውን ታቅፎ ወደ ሚስ ቨርና ሄደ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ወደ ኋላ ዞረው፣ የቆመውን ሕዝብ ከታች ወደ ላይ ያያሉ። ፊታቸው በርቷል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲሆኑ አይቷቸው አያውቅም።

«ተነሡለት!» አሉት እየጮሁ፣ ደንቆሮ ሰው እንደሚጮኸው። «ሁሉም ተነሡለት፣ አየኸው? ያ ባለ ቀይ ሸሚዝ አለቀሰ እኮ! አፋቸውን ከፍተው ቀሩ! እኔ ጩኸት ጩኸት ብቻ ነው የተሰማኝ። ቃሉን ሰሙት አይደል፣ ኦዴል?»

ኦዴል ማጫወቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሚስ ቨርና መሐረብ የጨበጠ እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ፤ እጃቸው እንደዚያ እንደ ቀብሩ ዕለት ይንቀጠቀጣል።

«እውነቱን ንገረኝ። ጌዘርን ሰሙት?»

ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ሰሙት፣ ሚስ ቨርና፤» አለ፤ «ሁሉም ሰሙት።»

ሚስ ቨርና ዐይናቸውን ጨፍነው ረዥም ትንፋሽ አወጡ። ጉንጩን ዳበስ አድርገውት ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መኪኖቹን ማየት ጀመሩ። ኦዴልም አጠገባቸው ተቀመጠ። ሐኪሙ እንዳለው፣ የገና በዓል ሳይደርስ ቀኙ ጆሮም ተዘጋ።